ያለ ክለብና ያለ ስፖንሰር በሩጫ መኖር ይቻላል? የትኬቱን ብር ራስሽ ቻይ ተብያለሁ

የኮተቤዋ

ሰላም ለሁላችሁም። ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

25 ዓመቴ ነው። አርሲ ተወልጄ ያደግኩ ሯጭ ነኝ። አሁን ኮተቤ ከሁለት ሯጭ ጓደኞቼ ጋር አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖራለን። ከሩጫ ሌላ ሥራ የለኝም። የምሮጠው 10 ኪሎ ሜትርና ግማሽ ማራቶን ነው። የግማሽ ማራቶን ሰዓቴ 1:10:48 ነው፤ ሕንድ ሀገር ነው ያመጣሁት። ማራቶን ገና አልሞከርኩም።

እስከ አምና ክለብ ነበረኝ። ደመወዙ 6,500 ብር ነበር። ትንሽ ነው ትሉ ይሆናል፤ ግን ወር በመጣ ቁጥር የሚገባ ብር ነው። ትጥቅ ይሰጡናል፣ ስንጎዳ ያሳክሙናል። አምና ባቴን አሞኝ በሻምፒዮናው ነጥብ ሳላመጣ ቀረሁ። ውሌ ሲያልቅ አልታደሰም። ስፖንሰርማ ኖሮኝ አያውቅም። ማናጀርም የለኝም። ሕንድ የላከኝ ሰው ከዚያ በኋላ ስልኬን አያነሳም።

አሁን ብሩ የት እንደሚሄድ ልንገራችሁ። የቤት ኪራይ ድርሻዬ 3,000 ብር ነው። ለአሰልጣኝና ለሰርቪስ 1,500 እከፍላለሁ። ማክሰኞ ሰንዳፋ አስፋልት፣ ሐሙስ አቃቂ ወይም ሰበታ ፍጥነት፣ ቅዳሜ ኮሮኮንች እንሮጣለን። ሌላውን ቀን የካ ጫካ በእግሬ ወጥቼ እመለሳለሁ። ምግቡ ነው የከበደኝ። በቀን ሁለት ጊዜ የሚሮጥ ሰው ሽሮ ብቻ በልቶ አይዘልቅም። እንቁላል፣ ወተት፣ አልፎ አልፎ ሥጋ ያስፈልጋል። ጫማውን ተዉት። ለውድድር የሚሆነው የካርቦን ጫማ ውጭ ሀገር 250 ዶላር አካባቢ ነው። ብሩ በ2016 ሐምሌ ከረከሰ ወዲህ እሱን አዲስ መግዛት ለኔ ቢጤ የማይታሰብ ሆኗል። ስፖንሰር ካለው ሯጭ ላይ የተሮጠበትን እንገዛለን።

ይህን ሁሉ የሚሸፍነው ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራው ታናሽ እህቴ የምትልከው ብር ነው። እኔ ታላቅ ሆኜ እሷ ትጦረኛለች። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቼ ጫማዬን ሳስር ሁልጊዜ የሚከነክነኝ እሱ ነው።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። የማናጀር ወኪል ነኝ የሚል ሰው ቻይና ውስጥ ማራቶን አገኘልኝ። ትኬቱንና ቪዛውን ግን ራስሽ ቻይ አለኝ፤ 140,000 ብር አካባቢ ነው። «አምስት ውስጥ ከገባሽ ብርሽ ይመለሳል፣ ትርፍም ታገኛለሽ» ይላል። እህቴ ለቤት መሥሪያ ብላ ያጠራቀመችው አለ። ነግሬያት ውሰጂው ብላኛለች፤ አንዴም አላቅማማችም። በዚህ ሳምንት መልስ ስጪኝ ብሎኛል።

ልሂድ ወይስ ልተወው? ከተውኩትስ እንደኔ ክለብም ስፖንሰርም የሌላችሁ ሰዎች በምን ትኖራላችሁ?

የድሮው 10 ሺህ

እህቴ፣ አትውሰጂው። የእህትሽን ብር ባለበት ተይው።

እኔ ለዓመታት በክለብ ሮጫለሁ፣ ውጭም ወጥቻለሁ። አሁን የአንድ ግሩፕ ረዳት አሰልጣኝ ነኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ያየሁት አንድ ነገር ነው። ማናጀር በአንቺ ካመነ ትኬቱን እሱ ይቆርጣል። ከሽልማትሽ ላይ ቆርጦ ይወስዳል፤ ባታሸንፊ እሱም ይከስራል። ወይም የውድድሩ አዘጋጅ ጋብዞሽ ትኬትና ሆቴል ይችላል። ሁለቱም ካልሆኑና አደጋውን በሙሉ አንቺ ከተሸከምሽ ያ ሰው የሚያገኘው ካንቺ ሩጫ አይደለም፤ ካንቺ መሄድ ነው። ብትገቢም ባትገቢም የራሱን ይዟል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አምስተኛ ወጣሽ እንበል። ሽልማቱ 3,000 ዶላር ነው እንበል። ማናጀሩ በተለመደው 15 በመቶ 450 ይወስዳል፤ 2,550 ቀረ። የሀገሩ ግብር ካለ ከዚያ ላይ ይቀነሳል። አዲስ አበባ ያለው ወኪልም የራሴ ድርሻ አለኝ ይላል። ለአሰልጣኝሽ መስጠትሽ አይቀርም፤ ይገባዋልም። ትኬትና ቪዛ ያወጣሽውን ስትመልሺ እጅሽ ላይ የሚቀረው ጥቂት ወር የሚያኖር ብር ነው። ይሄ እንግዲህ አምስተኛ ከወጣሽ ነው። ስምንተኛ ብትወጪስ?

ደግሞ ብሩ ወዲያው አይመጣም። የአበረታች ቅመሞች ምርመራ ውጤት ሳይታወቅ አዘጋጆች ሽልማት አይለቁም። ከዚያ ወደ ማናጀሩ ሒሳብ ይገባል፣ ከሱ ወደ አንቺ። ወራት ይፈጃል። እኔ ራሴ ሙሉውን ያላገኘሁት ሽልማት አለ፤ ስሙን አልጠራም። የተጻፈ ውል ስላልነበረን የምከስበት ወረቀት አጣሁ።

ማራቶን አለመሮጥሽ ደግሞ ሌላ ነው። የመጀመሪያ ማራቶን ማንም ሰው ምን እንደሚያመጣ አያውቅም። ትዕግስት አሰፋን እይ። በ2016 እ.ኤ.አ. ሪዮ ኦሎምፒክ በ800 ሜትር የሮጠች ልጅ ናት። በ2022 ሪያድ ላይ የመጀመሪያ ማራቶኗን ስትሮጥ 2:34 ነው የገባችው። በዚያው ዓመት በርሊን ላይ 2:15:37 ገባች። በ2023 እዚያው በርሊን 2:11:53 ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች። የመጀመሪያው ማራቶን የሚያስተምር ነው፤ ዕዳ የሚያስከፍል መሆን የለበትም። ግማሽ ማራቶን ቢበላሽብሽ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሌላ ትሮጫለሽ። ማራቶን 32ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሆድሽን ቢያምሽ ግን የግማሽ ዓመት ሥራሽ እዚያው አስፋልት ላይ ይቀራል።

ወርቁ ሰንዳፋ

እኔ በዚህ አልስማማም። እኔ ከአጎቴ ተበድሬ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣሁት። ሦስተኛ ወጣሁ። ያን ሰዓት አይተው ነው ሌሎች የጠሩኝ። እዚህ ሀገር 1:10 የሚሮጡ ሴቶች ሞልተዋል። ቁጭ ብለሽ ማናጀር እስኪመጣ ብትጠብቂ ዕድሜሽ ይሄዳል። ዕድል በር ስታንኳኳ መክፈት ነው።

የድሮው 10 ሺህ

ወርቁ ወንድሜ፣ ስለተሳካልህ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ግን አንተ የምታውቀው የተመለሱትንና የተሳካላቸውን ነው። እኔ ግሩፕ ውስጥ ስላለሁ ያልተሳካላቸውንም አያለሁ። ሰርቪስ ላይ መምጣት ያቆማሉ፤ ለምን ቀረህ ብለህ ስትደውል ስልካቸውን ሸጠዋል። ስለነሱ የሚጽፍ የለም። ለዚህች ልጅ ቢከፋ ብሩ የሷ እንኳ አይደለም። ቤይሩት በሰው ቤት ጉልበት የተገኘ ነው።

አሯሯጩ

ሰላም እህቴ። እኔም ስፖንሰር የለኝም፤ ግን በሩጫ እየኖርኩ ነው። ሥራዬ ማሯሯጥ ነው፤ ከፊት ሆኜ ፍጥነቱን እየጠበቅኩ ሌሎቹን መውሰድ ማለት ነው።

ብዙ ሰው ማሯሯጥን የደካማ ሥራ ያደርገዋል። እኔ ቤተሰብ የማስተዳድረው በሱ ነው። ውሉ ላይ ይጻፋል፦ በዚህ ፍጥነት እስከዚህ ኪሎ ሜትር ከወሰድክ ይህን ያህል። ትኬትና ሆቴል በአዘጋጁ ነው። ስንተኛ እወጣለሁ ብዬ እንቅልፍ አላጣም። ሴቶች ከወንዶች ጋር በሚሮጡበት ማራቶን ለሴቶቹ መሪዎች የሚመደበው ወንድ አሯሯጭ ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ የምሠራው እሱን ነው። ለሴት አሯሯጭ ያለው ሥራ ጥቂት ነው። ሴቶች ለብቻ በሚነሱበት ውድድርና በትራክ ላይ ግን ይፈለጋሉ። በ1:10 አቅም በእኩል ፍጥነት መሄድ የምትችይ ከሆነ ለአሰልጣኝሽ ንገሪው። ሰዓት ሳያይ ኪሎ ሜትሩን በ3:25 ጠብቆ የሚሄድ እግር ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ሁለተኛ፣ ውድድር ስትመርጪ የአንደኛውን ሽልማት አትይ። ቦስተን ለአንደኛ 150,000 ዶላር፣ ለሁለተኛ 75,000፣ ለሦስተኛ 40,000 ይከፍላል። ኒው ዮርክ 100,000፣ 60,000፣ 40,000። እነዚህ ጋር ከፊት ከዋናዎቹ ሯጮች ጋር የሚነሳው የተጋበዘ ሰው ነው። ለኛ ቁም ነገሩ ከ4ኛ እስከ 8ኛ ያለው ምን ያህል ነው፣ እነማን ይመጣሉ የሚለው ነው። አንዳንዱ ውድድር አንደኛውን ብቻ ያጠግብና ከሦስተኛ በኋላ የሚሰጠው የትኬቱን ዋጋ አይሞላም። ሌላው አንደኛው አነስ ብሎ እስከ አሥረኛ ያከፋፍላል። አንቺ ሁለተኛውን ነው መፈለግ ያለብሽ። የተመዘገቡትን ሰዎች ስም ጠይቂ። ያ ሰውዬ የአምናውን የሴቶች ውጤት ሊነግርሽ ካልቻለ ስለ ውድድሩ አያውቅም ማለት ነው።

አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። በትልልቆቹ ውድድሮች የሴትና የወንድ ሽልማት እኩል ነው፤ በሴቶቹ በኩል ግን ተፎካካሪው አብዛኛውን ጊዜ ሳሳ ይላል። ወንድ ሆኖ 2:10 የሚሮጥ ሰው እዚህ አዲስ አበባ ማንም ዞሮ አያየውም። አንቺ በደንብ ተዘጋጅተሽ 2:28 ብትሮጪ በመካከለኛ ውድድር ሽልማት ውስጥ ነሽ።

የኮተቤዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም ደጋግሜ አነበብኳችሁ።

ወርቁ ያለውንም አልጣልኩትም። እኔን የሚያስፈራኝ በትክክል እሱ ያለው ነው። ክለብ ውስጥ ከኔ ጋር የነበሩ ልጆች አሁን ውጭ እየሮጡ ነው። አብረን ነው ሰንዳፋ 30 ኪሎ ሜትር የጨረስነው። እነሱ ሽልማት አምጥተው ለእናታቸው ቆርቆሮ ቤት ሠሩ። እኔ ጊዜው ሳያልፍብኝ ነው መሮጥ የምፈልገው። ስታዲየም ገብቼ ሰው እንዲያጨበጭብልኝ አይደለም። እህቴን ነይ ግቢ፣ ከእንግዲህ እኔ አለሁ ልላት ነው።

ሰውየውን የአምናውን ውጤት ጠየቅኩት። «እሱን ለኔ ተይው» አለኝ። ውል ላክልኝ ስለውም «በመሃላችን እምነት ይበቃል» አለ። በዚህ መሀል አንዷ ጓደኛዬ አሜሪካ ብትሄጂ ይሻልሻል ትለኛለች። እዚያ ያላችሁ ምን ትላላችሁ?

የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ

ሰላም እህት ዓለም። እኔ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ወረቀት አለኝ፤ ስፖንሰር የለኝም፤ እሮጣለሁ። ያለውን እንዳለ ልንገርሽ።

እዚህ የጎዳና ውድድር በየሳምንቱ አለ። ትልልቆቹ በበጋ ናቸው፤ አትላንታ በጁላይ 4 ፒችትሪ 10 ኪሎ ሜትር፣ በኦገስት ሜይን ውስጥ ቢች ቱ ቢከን፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ፋልማዝ 7 ማይል። በነዚህ ከዋናዎቹ ሯጮች ጋር የሚገባው በግብዣ ነው። የኛ ቢጤ የሚኖረው በትንንሾቹ ነው። 500 ዶላር፣ አንዳንዴ 1,000 ዶላር ለአንደኛ። ዓርብ ሥራ ጨርሼ፣ ከሦስት ልጆች ጋር የነዳጅ ተካፍለን፣ ሌሊቱን ነድተን፣ ጠዋት ሮጠን፣ በዚያው ቀን እንመለሳለን። አንዱ አንደኛ፣ አንዱ ሁለተኛ ከወጣ መንገዱ ከፈለ። ከመንገድ በፊት ግን ደንቡን እናነባለን። አንዳንዱ ውድድር ሽልማት የሚሰጠው ለአሜሪካ ዜጋ ብቻ ነው፣ አንዳንዱ ለክፍለ ሀገሩ ነዋሪ ብቻ።

ከኢትዮጵያ ለውድድር ብቻ መጥተሽ ብትሸለሚ 30 በመቶ ግብር ከመነሻው ይያዛል። የግብር ቁጥር አውጥተሽ በሚቀጥለው ዓመት ማመልከት ትችያለሽ፤ እንደ ወጪሽ የተወሰነው ሊመለስ ይችላል። ብዙ ልጆች ይህን ስለማያውቁ ይተዉታል። ማናጀር ካለሽ ጠይቂው።

ጓደኛሽ መጥቶ መቅረትን ከሆነ የምትለው፣ ይሄንን አስቢበት። እዚህ የመጡ ከኔ የተሻሉ ሯጮች አውቃለሁ። ወረቀት እስኪያገኙ ከሀገር መውጣት አይችሉም፤ ውጭ ሀገር ያለው ውድድር ሁሉ ተዘጋባቸው ማለት ነው። ፓርኪንግ ይሠራሉ፣ መጋዘን ሌሊት ይሠራሉ። ስምንት ሰዓት ቆሞ ያደረ እግር ጠዋት ፍጥነት አይሠራም። ኪራዩ ደግሞ አይጠብቅም። እኔ በሳምንት አራት ቀን ሥራ፣ ሦስት ቀን ጠንካራ ልምምድ ብዬ አመቻችቻለሁ፤ እሱም አሠሪዬ ሐበሻ ሆኖ ስለሚረዳኝ ነው። ከፍታውም የለም። አንቺ ጠዋት የካ ጫካ ስትወጪ የምታገኚውን እኔ በገንዘብ አላገኘውም። ሰውነትሽ ገና እየተሠራ ባለበት ዕድሜ ከዚያ ባትርቂ እመርጣለሁ።

እናት ሯጭ

እህቴ፣ የኔ ሐሳብ አጭር ነው።

አንደኛ፣ ሰውየው ውል ከከለከለሽ አልቋል። የዓለም አትሌቲክስ ዕውቅና የሰጣቸው ማናጀሮች ዝርዝር ድረ ገጹ ላይ አለ። የማን ወኪል ነህ በይውና ስሙን እዚያ ፈልጊ። ውጭ ለመሮጥም የፌዴሬሽኑ ፈቃድ ያስፈልግሻል። እሱን ዝለይው የሚልሽ ሰው ከሆነ ሽሺ።

ሁለተኛ፣ ይህን አጥብቄ የምነግርሽ ነው። ብቻሽን ስለሆንሽ የሚያክምሽ የክለብ ሐኪም የለም። ሲደክምሽ ክሊኒክ ገብተሽ «ግሉኮስ ሰክተን እንልቀቅሽ» ቢሉሽ እሺ እንዳትይ። በአበረታች ቅመሞች ደንብ በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር መውሰድ ክልክል ነው። የሆስፒታል ሕክምና ካልሆነ ወይም አስቀድሞ ፈቃድ ካልያዝሽ፣ በውስጡ ያለው ስኳርና ውኃ ቢሆንም ያስቀጣል። መርፌም «ቪታሚን ነው» ብሎ ማንም እንዳይወጋሽ። ሰውነትሽ ውስጥ ለተገኘው ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ፤ አላወቅኩም አያድንም። አራት ዓመት ቅጣት በኛ ዕድሜ ሙሉ የሩጫ ሕይወት ነው። ገንዘብ ካለሽ የብረት መጠንሽን በደም ምርመራ አሳዪ። ሴት ሯጭ ሆና ወር አበባዋ ሲቀር ዝም የምትል ብዙ ናት። ብዙ ጊዜ ምልክቱ ምግብ አለመብቃቱን ነው። ያን ጊዜ የባት ሕመሙም ከዚያ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ በምን እንደምንኖር ጠይቀሻል። እኔ ልጅ ከወለድኩ በኋላ እንጦጦ ላይ ለጤናቸው የሚሮጡ ሰዎችን በሳምንት ሁለት ጠዋት አሠለጥናለሁ። የባንክ ሠራተኞች፣ ሐኪሞች፣ ውጭ ኖረው የተመለሱ ሰዎች ናቸው። በእነሱ ፍጥነት መሮጥ ለኔ የማገገሚያ ቀን ነው፤ ልምምዴን አይነካም። በሰዓቱ ይከፍላሉ። ከውጭ ለልምምድ የሚመጡ ሯጮችም ሱሉልታና እንጦጦ አብሯቸው የሚሮጥ፣ መንገድ የሚያሳይ ሰው ይፈልጋሉ። ኪራይሽን ይሸፍንልሻል። ከእህትሽ የሚመጣው ብር ሲቀንስ ደግሞ አእምሮሽ ያርፋል። አእምሮ ያረፈ ሰው ነው ውድድር ላይ የሚጨክነው።

የድሮው 10 ሺህ

እናት ሯጭ የተናገረችው ወርቅ ነው። እኔ የምጨምረው የክለቡን ነገር ነው። ክለብ አንዴ ለቀቀኝ ብለሽ አትዝጊው። ጃን ሜዳ አገር አቋራጭ ላይ የግል ተወዳዳሪ ሆነሽ ግቢ። የክለብ አሰልጣኞች ሁሉ እዚያ ናቸው። ኅዳር ላይ የታላቁ ሩጫ የአትሌቶች ውድድርም አለ፤ ማናጀሮች አዲስ ፊት የሚያዩበት ነው። ሁለቱም ትኬት አይጠይቁም። ከክለብ የሚገኘው ደመወዝ ብዙ ባይሆንም ማራቶንን ሳትቸኩይ እንድትዘጋጂ ጊዜ ይገዛልሻል። ስፖንሰር የሌለው ሯጭ የሚያጥረው ጊዜ ነው። ከእጅ ወደ አፍ ስለሚኖር በተጠራበት ሁሉ ይሮጣል፣ ሳያገግም ይሮጣል፣ ይጎዳል።

ወርቁ ሰንዳፋ

ውል አልሰጥም ካለማ እኔም አልሄድም። የኔ የተጻፈ ነበር። በዚህ ላይ ጋሼ ልክ ነው።

የኮተቤዋ

ሰላም ናችሁ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

የማን ወኪል እንደሆነ ጠየቅኩት። የነገረኝን ስም ዝርዝሩ ላይ ከጓደኛዬ ጋር ፈለግነው፤ የለም። አልሄድም አልኩት። ተቆጣ፣ «ሌላ ልጅ አለችኝ» አለና ዘጋው። የምትሄደው ልጅ ማን እንደሆነች ባውቅ ይህን ጽሑፍ አሳያት ነበር።

ለእህቴ ደወልኩ። ብሩ ባለበት ይሁን አልኳት። ዝም አለች፤ ቀጥላ «ተስፋ ቆርጠሽ ነው?» አለችኝ። አይደለም፣ ማራቶኑን በራሴ ጊዜ ልሮጠው ነው አልኳት። የላከችውን የዚህን ወር ግን ተቀብያለሁ። ያለሱ አልችልም።

አሰልጣኜን ስለ ማሯሯጡ አነጋግሬዋለሁ። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ሐሙስ አቃቂ ላይ ሴቶቹን እኔ ከፊት እየመራሁ፣ እሱ ሰዓት እየያዘ ሊያየኝ ነው። ከዚያ ጃን ሜዳ። ባቴ አሁን ደህና ነው።

እናት ሯጭ፣ እንጦጦ ላይ አብሬሽ መጥቼ እንዴት እንደምታሠሪ ባይ ደስ ይለኛል። ሰዎቹን እንዴት እንዳገኘሽና ስንት እንደምታስከፍይ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። አሯሯጩ፣ ውልህ ላይ ፍጥነቱን ባትጠብቅ የሚቀነሰው እንዴት ነው የሚሰላው? ወይስ ጭራሽ አይከፈልህም?

አሯሯጩ

እንደ ውሉ ነው። የኔ በየ5 ኪሎ ሜትሩ ይታያል። እስከ 25 በትክክል ወስጄ 30 ሳልደርስ ብወጣ እስከ 25 ያለውን ያስቡልኛል። አንዳንዱ ግን እስከ ተባለው ካልደረስክ ምንም አይከፍልም። ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት «ባቋርጥስ?» ብለሽ ጠይቂ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዢ።

እናት ሯጭ

ቅዳሜ አይመችሽም፣ ኮሮኮንች አለሽ። እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት እንጦጦ ፓርክ መግቢያ ላይ ነይ። ሙቅ ልብስ ያዢ፤ ጠዋት ይበርዳል።